የምንተስኖት እትብት

«እትብቱ መቼ ነው የረገፈው?» አለች ዶክተር ሊዲያ፣ ጓንት ባጠለቀ ጣቷ የሕፃኑን እምብርት ዙሪያውን ቀስ ብላ እየነካካች።

ሰርክአዲስ ልትመልስ አፏን ከፈተች። አማቷ ቀደሟት።

«በዘጠነኛ ቀኑ» አሉ እትዬ አበዛሽ፣ ከአልጋው ግርጌ ቆመው ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት። ወለንጪቲ፣ ጓሯችን ውስጥ፣ የአባቱ እትብት ካለበት ሎሚ ሥር።»

«እርግጠኛ ነዎት እማማ? ዘግይቶ፣ ወር ምናምን አልፎት አይደለም?»

«ምን ነካሽ የኔ ልጅ፤ የልጅ ልጄን እትብት ልረሳ ነው?»

ዶክተሯ ሰርክአዲስን አየቻት። ሰርክአዲስ ደግሞ የልጇን እግር አየች። የሁለት ወር ሕፃን እግር ብዙ የሚታይ ነገር የለውም፤ እሷ ግን ጣቶቹ ላይ አዲስ ነገር ያገኘች ይመስል አፍጥጣ ቀረች። የምንተስኖት ትኩሳት አልበርድ ካለ ሰንብቷል። የእምብርቱ ዙሪያ ቀልቶ አብጧል፤ መግል ግን አልቋጠረም። ከጤና ጣቢያ ወደ አዳማ ሆስፒታል የላኩትም ይኸው ግራ ስላጋባቸው ነው።

«ከእሱ በፊት የሞተ ልጅ አለ?»

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ አሁንም እትዬ አበዛሽ። «ጽጌ። ሳንባ ምች ነው የወሰዳት። ይሄኛው ግን እግዜር ይመስገን ከመጀመሪያው ደህና ነበር።»

ዶክተሯ ጻፈችና ወረቀቷን አጠፈች። «እንግዲህ ስሙኝ። ነጭ የደም ሴሉ ከልክ በላይ በዝቷል። እትብቱ ቆይቶ የረገፈ ቢሆን ኖሮ የምጠረጥረው አንድ በሽታ ነበር። በጊዜው ከረገፈ ግን እሱን ትቼ ሌላ መፈለግ አለብኝ። የደም ካንሰር እንዳይሆን ስለምሰጋ ነገ ጠዋት ለመቅኔ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።»

«የመቅኔ ምርመራ ማለት?» አለች ሰርክአዲስ።

«ከአጥንቱ ውስጥ በመርፌ የሚወሰድ ነው። ያማል፤ ግን አማራጭ የለንም።»

ይህን ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ሰርክአዲስ ግን እውነቱን ታውቃለች። እትብቱ በዘጠነኛ ቀኑ አልረገፈም። ወለንጪቲ ሎሚ ሥር የተቀበረውም የምንተስኖት እትብት ሳይሆን የበሬ ቋንጣ ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። ግን እናትን ቋንጣ የሚያስቀብር ነገር ከሜዳ ተነስቶ አይመጣም።

ሰርክአዲስ ወንጂ የመጣችው በልጅነቷ ነው። አክስቷ ከደብረ ሲና አምጥታ በሸንኮራ አገዳው መሀል ባለው የሠራተኞች መንደር አሳደገቻት። አክስቷ ስታርፍ ዘመድ የሚባል አጠገቧ አልቀረም። ታጠቅን ስታገባ እናቱንም አብራ ያገኘች መስሏት ነበር፤ «እማዬ» ልትላቸው ብዙ ጊዜ ሞክራ ምላሷ እምቢ ስላላት እንደ ሰፈሩ ሰው «እትዬ» እያለች ቀረች። ታጠቅ መካኒክ ነው። ሥራው መተሐራ ስለሆነ ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው።

የመጀመሪያ ልጇ የጽጌ እትብት ወር አልፎትም አልረገፈም ነበር። ያኔ እትዬ አበዛሽ አራሷን ሊጠይቁ በመጡ ሴቶች ፊት «እትብቱን አልለቅ ያለ ልጅ ወደመጣበት ለመመለስ የሚያስብ ነው» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ከእናታቸው የሰሙትን ነው የተናገሩት። ልጅቷ ግን በአራተኛ ወሯ ሞተች፣ ንግግሩም ሰርክአዲስ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ውስጥ ሴት ስትወልድ እሷን ለገንፎ የሚጠራ ጠፋ። አንዷ ጎረቤቷ እንዲያውም አራስ ልጇን ለየሴቱ ስታሳቅፍ ቆይታ እሷ ጋ ስትደርስ «እንቅልፉ መጥቷል» ብላ አስተኛችው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ተናግረዋት ቢሆን እሷም መልሳ ተናግራ ይወጣላት ነበር።

ስለዚህ የምንተስኖት እትብት እንደ እህቱ ሙጭጭ ሲል፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። እትዬ አበዛሽ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሲያርሷት ሰንብተው ጤፍ ሊያስወቁ ወለንጪቲ ተመልሰዋል፤ ግን በየቀኑ ይደውላሉ። እትብቱ ሲረግፍ በጥጥ ጠቅልላ እንድታስቀምጥላቸው ቃል አስገብተዋታል። «የካምፓኒ ቤት የእኛ አይደለም፤ ነገ ውጡ ቢሏችሁ የልጄ እትብት በሰው ግቢ ይቀራል» ባይ ናቸው።

«ረገፈ?» ይላሉ በስልክ።

«ገና ነው።»

«ዛሬም ገና?»

በዘጠነኛው ቀን ድምፃቸው ውስጥ የጽጌን ጊዜ ሰማችው። «ረገፈ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቀለላት። እትብት ማስረከብ እንዳለባት ትዝ ያላት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ቋንጣ ተሰቅሎ ነበር። ቀጭኑን ጫፍ በመቀስ ቆረጠች፤ በርበሬውን አጠበች፤ ምድጃው አጠገብ መልሳ አደረቀችና በጥጥ ጠቀለለችው። እትዬ አበዛሽ በማግሥቱ መጥተው ጥጡን ገለጥ አድርገው አዩ፤ «ተመስገን» ብለው ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው ሄዱ። ወለንጪቲ ላይ ለበሬ ሥጋ እልል ተባለ።

እውነተኛው እትብት የረገፈው የልጁ ክርስትና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰርክአዲስ ልጇን አዝላ አመሻሹ ላይ አገዳው መሀል ገባችና በመስኖው ቦይ ዳር አፈሩን በእጇ ጭራ ቀበረችው። ውሃ የተለቀቀ ጊዜ የቦዩ ዳር ተናደ፤ ቦታውን ብትፈልግ አጣችው። ያን ቀን አለቀሰች። ምን ሆነሽ የሚላት ስላልነበረ እስኪበቃት አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ልጁን ለማንም አታሳቅፍም። እምብርቱ አለመድረቁን ሰው እንዳያይባት ራሷ ታጥበዋለች፣ ራሷ ትጠቀልለዋለች። ጎረቤቶቿ «ወንድ ወለደችና ኮራች» አሉ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ቀትር ላይ ሙቀቱ በረታ። የአዳማ ነፋስ በመስኮቱ አቧራ ከማስገባት በቀር የጠቀመው የለም። እትዬ አበዛሽ ከዘንቢላቸው ምሳ ዕቃ አውጥተው ሽሮ ፍርፍር አቀረቡ። የሰርክአዲስ እጅ በልጁ የተያዘ ስለሆነ ራሳቸው ያጎርሷት ጀመር።

«ስጪኝ ልያዘው፤ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ።»

«ይሁን፣ አልደከመኝም።»

«ከትናንት ጀምሮ ዓይንሽን አልከደንሽም እኮ።»

«አልደከመኝም እትዬ።»

«እንደ እኔ ግትር ነሽ» አሉና ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ። «ሎሚው ዘንድሮ እንዴት እንዳፈራ ብታይ። ለስንት ዓመት ዘግቶ የነበረ ዛፍ። የምንተስኖት እትብት ነው ያስከፈተው፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ይህንኑ ነው የምለው።»

ሰርክአዲስ ጉርሻውን አላምጣ ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ደግ ሲሆኑላት ነው የሚብሰው። ቢቆጡ ይቀላት ነበር።

አጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ ከቡልቡላ የመጣች አሚራ የምትባል ሴት አለች። ልጇ እግሩ ላይ ሙቅ ውሃ ተደፍቶበት ነው። ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ምን እንደሚታመም ሁሉንም ጠይቃ ጨርሳለች፤ ዝም ማለት የማይሆንላት ሴት ናት።

«አብሽሪ እህቴ» አለቻት ሰርክአዲስን። «የእኔም የመጣ ቀን ሞተ ብዬ ነበር። አሁን ይኸው፣ ረቢ ይመስገን፣ ሙዝ አምጪ ይለኛል።»

ሰርክአዲስ ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን አዞረች። ዶክተሯን ለብቻዋ ለማግኘት ነበር የምታስበው። በጆሮዋ ትነግራታለች፣ ዶክተሯ ወረቀቷን ታስተካክላለች፣ እትዬ አበዛሽ ሳይሰሙ ነገሩ ያልቃል። ልጇን ታቅፋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የነርሶቹ ክፍል በር ላይ መርዳሳ የሚባለውን ነርስ አገኘችው።

«ዶክተር ሊዲያን ፈልጌ ነበር።»

«ድንገተኛ ክፍል ናት፤ ቶሎ አትወጣም። ምን ነበር? ለእኔ ንገሪኝ፣ አደርስልሻለሁ።»

«ስለ እትብቱ...» ብላ ጀመረችና ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። እትዬ አበዛሽ ተከትለዋት ወጥተዋል። «ምንም አይደል። መቼ እንደምንሄድ ልጠይቃት ብዬ ነው።»

«አምቡላንሱ ጠዋት ይነሳል» አለ መርዳሳ። «ወረቀታችሁ ዛሬ ከሰዓት ይፈረማል።»

ተመልሳ አልጋው ላይ ተቀመጠች። የልጁ ግንባር ደረቷን ያቃጥላታል። ብትናገር እነዚህን ሰዎች ታጣለች፤ ከእነሱ ውጭ ደግሞ ማንም የላትም። ባትናገር ልጇ ባልያዘው በሽታ አጥንቱን ይወጋል፣ የያዘው በሽታ ደግሞ እንደ እህቱ ይወስደዋል። ጽጌ ስትታመም የጠየቀ ሐኪም አልነበረም። አሁን ጠያቂ ተገኝቶ መላሽ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ለምንተስኖት ግሉኮስ ተሰካለት። ጥቂት ቆይቶ ዶክተር ሊዲያ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ፊቷ ላይ ድካም ይታያል።

«የሪፈር ወረቀቱ ይኸው። እዚህ ጋ ፈርሚልኝ።»

ሰርክአዲስ እስክሪብቶውን ተቀበለች። እትዬ አበዛሽ አጠገቧ ቆመው የልጁን ካልሲ ያስተካክላሉ።

«ዶክተር፣ በዘጠነኛ ቀኑ አልረገፈም» አለች።

«ምኑ?» አሉ እትዬ አበዛሽ።

«እትብቱ። የረገፈው ክርስትና ሊነሳ ሲል ነው። የእህቱም እንደዚሁ ነበር፤ የሷም ወር አልፎት ነው።»

ዶክተሯ እስክሪብቶውን ከእጇ መልሳ ወሰደች። «ጠዋት ስጠይቅ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሳቸው ስለነበሩ።»

«ምን ትላለች ይቺ?» አሉ እትዬ አበዛሽ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «በእጄ የቀበርኩትን? በጥጥ ጠቅልለሽ የሰጠሽኝን?»

«ቋንጣ ነው እትዬ።»

«ምን?»

«የሰጠሁዎት ቋንጣ ነው። እንደ ጽጌ እንዳይሉብኝ ፈርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

አሚራ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው በሻርፗ አፏን ያዘች። ሌሎቹ አስታማሚዎች ወሬያቸውን አቆሙ። እትዬ አበዛሽ ማንንም አላዩም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ሰርክአዲስ ልትከተላቸው ብድግ አለች፤ የልጁ ክንድ ላይ ያለው የግሉኮስ ቱቦ ግን መልሶ አስቀመጣት።

ዶክተር ሊዲያ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሐኪም አልጋ ላይ የሚቀመጠው ወይ በጣም ጥሩ ወይ በጣም መጥፎ ነገር ሊናገር ነውና ሰርክአዲስ ልጇን ጠበቅ አደረገችው።

«ከወንጂ አዳማ በሚኒባስ ትመጫለሽ አይደል?» አለች ዶክተሯ። «መውረድ ስትፈልጊ ምን ትያለሽ?»

«ወራጅ አለ።»

«ነጭ የደም ሴል በደም ሥር ውስጥ እንደሚሄድ ተሳፋሪ ነው። ቁስል ያለበት ቦታ ሲደርስ መውረድ አለበት። ለዚህም እንደ እጅ የሚያገለግለው ፕሮቲን አለው፤ በሱ የደም ሥሩን ግድግዳ ይዞ ይቆማል፣ ከዚያ ሾልኮ ወጥቶ ወደ ቁስሉ ይሄዳል። የምንተስኖት ሴሎች ያ ፕሮቲን የጎደላቸው ይመስለኛል። መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ሰፈሩ ጋ ግን የሚወርድ የለም። ደሙ ውስጥ በዝተው እምብርቱ ላይ መግል ያልታየው ለዚህ ነው። እትብትም በጊዜው የሚረግፈው እነሱ ወጥተው ሲያግዙ ነው።»

ሰርክአዲስ ነገሩን በዓይነ ኅሊናዋ አየችው። በልጇ ደም ውስጥ ያ ሁሉ ተሳፋሪ ተጨናንቆ፣ እሱ በሚታመምበት ሰፈር አጠገብ እያለፈ ይሄዳል። በሰው መሀል ሆኖ የሚደርስለት ያጣ ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቃለች።

«ጽጌም በዚሁ ነው የሞተችው?»

«ይመስለኛል።»

«ያኔ ብናገር ኖሮ...»

«ያኔ የጠየቀሽ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያው የሷን ሞት ራስሽ ላይ አታድርጊው» አለች ዶክተሯ። «አሁን ደሙ ይላክና ይረጋገጥ፤ ልሳሳትም እችላለሁ። ከሆነ ግን ጠንካራ መድኃኒት ዛሬውኑ ይጀምራል፣ ከዚያም ሳይቋረጥ እየወሰደ እንጠብቀዋለን። ጨርሶ የሚያድነው ከሚመሳሰለው ሰው መቅኔ ሲሰጠው ነው፤ እሱ ረጅም መንገድ ነው፣ አልዋሽሽም። የነገው የአጥንት መርፌ ግን ይቅር።»

«ከእኔ ነው የመጣበት?»

«ከአንቺም ከአባቱም። አንድ ወላጅ ብቻውን አያመጣውም። እናንተን አያማችሁም፤ ከሁለታችሁም ሲደርሰው ነው ልጁ ላይ የሚወጣው። የአባቱንም ደም እፈልጋለሁ። የቅርብ ዘመዶችም ቢመረመሩ ጥሩ ነው።»

ዶክተሯ ስትሄድ ሰርክአዲስ መተሐራ ደወለች። ታጠቅ ስልኩን ሲያነሳ ከኋላው የማሽን ጩኸት ይሰማል። ከእናቱ አፍ ሳይሰማ ብላ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ቋንጣውን፣ ጽጌን፣ በሽታው ከሁለታቸውም የመጣ መሆኑን።

«ታጠቅ? ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ።»

«ነገ ደም ለመስጠት ትመጣለህ?»

«አለቃዬን ልጠይቅ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እማዬስ የት አለች?» አለ።

«ወጥተዋል። የት እንደሄዱ አላውቅም።»

«ፈልጊያት እንጂ» ብሎ ዘጋው። አንቺስ እንዴት ነሽ፣ ማን አብሮሽ አለ፣ አላላትም። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ቆየች፤ መልሶ የሚደውል መስሏት ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ አበዛሽ ተመለሱ። ዓይናቸው ቀልቷል። ለመቀመጥ እንዳልመጡ ያስታውቃሉ፤ ከአልጋው ሥር ዘንቢላቸውን ስበው ምሳ ዕቃውን ከተቱበት። ግሉኮሱ አልቆ ተነቅሏል። ሰርክአዲስ መርዳሳ የሰጣትን የመድኃኒት ማዘዣ ይዛ ነበር፤ መድኃኒቱ የሚገኘው ከግቢው ውጭ ነው፣ ልጁን ለማን ትታ እንደምትወጣ ጨንቋታል።

«ዶክተሯ ምን አለች?» አሉ እትዬ አበዛሽ ዘንቢሉን እያዩ።

«በዘር የሚመጣ ነው ብላለች።»

«በማን ዘር?»

እንዴት እንደጠየቁ ሰርክአዲስ ሰማች። ቁጣቸው አልቆ ፍርሃት ይዟቸዋል። የጽጌን ሬሳ አቅፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰዱት እሳቸው ነበሩ፤ ታጠቅን የወለዱትም እሳቸው ናቸው። አሁን «በእኔ ነው» ብትላቸው ዘንቢሉን መልሰው ያስቀምጡታል። «ምን ታደርጊ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» ብለው ያዝኑላታል፤ ልጁን ተቀብለዋት መድኃኒቱን ገዝታ ትመጣለች፤ አብረዋትም ያድራሉ። አንዲት ቃል ናት። ሰርክአዲስ ያቺን ቃል ልትናገር በጣም ፈለገች፤ ዛሬ ብቻዋን ማደር አልፈለገችም።

«ከሁለታችንም ነው» አለች። «ከእኔም ከታጠቅም። ታጠቅ ደም ይሰጣል። እርስዎም ቢመረመሩ ጥሩ ነው ብላለች።»

እትዬ አበዛሽ ዘንቢሉን አነሱ። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም» አሉ። «ሰባት ቤት ቆጥሬ እነግርሻለሁ፤ አልወጣም።»

«እሺ እትዬ።»

«አልወጣም» አሉ እንደገና፣ ራሳቸውን የሚያሳምኑ ይመስል። የምንተስኖትን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ነካ አድርገው ትኩሳቱን ለኩና ወጡ። ሰርክአዲስ በሩን እያየች ቀረች። ተመልሰው የሚመጡ ይመስል ጥቂት ጠበቀች። ብቻዋን መሆን አዲስ ነገር አልነበረም፤ የአሁኑ የሚደበቅ ነገር የሌለበት ነው፣ ያም ሆኖ ያው ያማል።

አሚራ ሁሉንም ሰምታለች፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ላለመስማት ቦታ የለም። ከሳቀችበት ሰዓት ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለእሷ ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም።

ሰርክአዲስ ማዘዣውን ኪሷ ከተተች። ልጇን አቅፋ ወደ አሚራ አልጋ ተሻገረች።

«መድኃኒት ገዝቼ እስክመጣ ልጄን ትይዢልኛለሽ?»

አሚራ የራሷን ልጅ ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገችና እጆቿን ዘረጋች። «አምጪው። ምን ልጠንቀቅለት?»

ሰርክአዲስ ወዲያው አልሰጠቻትም። መጀመሪያ አልጋው ላይ አስተኛችው፤ የተጠቀለለበትን ፎጣ ፈታችና ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስባ እምብርቱን አሳየቻት።